ለማገኛት ልጅ የሠራሁት ሹራብ

በአብዮቱ ጊዜ የያዙኝ ሃያ ሁለት ሰፈር ካለው ቤታችን ነው፤ ልጄን አጥብቼ ለእናቴ ገና ማቀበሌ ነበር። ያሰሩን ቦሌ ውስጥ በተወረሰ ቪላ ነው። ክፍላችን ድሮ የሰው መኝታ ቤት ስለነበረ ቁም ሣጥን የቆመበት ግድግዳ ገና ነጭ ነበር። ከመጥበቡ የተነሳ አንዷ ስትገላበጥ ሁላችንም አብረን እንገላበጣለን።

ቀን ቀን ሹራብ እንሠራለን። ክሩ ከስንቅ ጋር ይገባል፤ መሥሪያውን ከመጥረጊያ እንጨት ሰብረን ሲሚንቶ ላይ እንሞርዳለን። ክር እየጠፋ የልጄ ሹራብ ወራት ፈጀብኝ።

አጠገቤ የሚተኙት ሴት የፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ፤ «ቲቸር» እንላቸዋለን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሹራቡን ወስደው በስንዝር ለኩት።

«ለማን ነው?»

«ለልጄ ነዋ!»

«ይሄ ትተሻት ለመጣሽው ሕፃን ነው። እሷ እኮ አድጋለች።»

ተናደድኩባቸው። እንባዬም መጣ። አውሮፕላን በላያችን አለፈ።

«ስሚው» አሉኝ። «ይሄዳል፣ ነገ ይመለሳል። በቦታ መመለስ አለ። በጊዜ ግን የለም፤ ለመመለስ ከብርሃን መቅደም ያስፈልጋል። ወደ ጎንና ወደ ፊት ከሄድሽ ርቀቱን የምታገኚው የሁለቱን ካሬ ደምረሽ ነው። ጊዜና ቦታ ሲገናኙ ግን መደመሩ ቀርቶ መቀነስ ይሆናል። ልዩነታቸው ያቺ የመቀነስ ምልክት ናት።»

ሂሳብ ድሮም ጠላቴ ነው። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«የቀረብኝ ቀረ ማለት ነው?»

«ቀረ። አልዋሽሽም። ግን ተቆልፎብሽም ወደፊት እየሄድሽ ነው፤ እሷም ወደዚያው እየመጣች ነው። ለምታገኚያት ልጅ ሥሪላት።»

አብረን ተረተርነው። ክሩ ለትልቅ ልክ ስለማይበቃ ቲቸር ሰማያዊ ሹራባቸውን አውልቀው አንዱን እጅጌ መተርተር ጀመሩ።

«ኧረ ይበርድዎታል!»

«አንዱ እጄ ከሞቀው ይበቃኛል።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስማቸው ተጠራ። አንዷ ጋቢዋን ብትዘረጋላቸው አልተቀበሏትም። ባለ አንድ እጅጌውን ሹራብ ለብሰው ቁልፎቹን እስከ አንገታቸው ቆለፉ። «ብብቱ ጋ ሰፋ አድርጊው» ብለውኝ ወጡ። አልተመለሱም።

ስፈታ ልጄ አላወቀችኝም፤ በእናቴ ቀሚስ ውስጥ ተሸሸገች። ሹራቡ ግን ልክ ሆነላት።

ዛሬ ልጄ ያኔ ቲቸር ከነበሩበት ዕድሜ አልፋለች። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር እሳቸው ይናፍቁኛል። አሁን ለልጅ ልጄ እሠራለሁ፤ ሁልጊዜ አስበልጬ።

«ኧረ እማዬ፣ ይሰፋታል!» ትለኛለች ልጄ።

«ትደርስበታለች» እላለሁ።