አረንጓዴ ሆኖ የወጣው ግድግዳ

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የተቀመጥኩት። ከመንደሩ አዳራሽ እስከ ቤታችን ስሮጥ በረዶው ላይ ሁለቴ ወድቄያለሁ፣ ጉልበቴ ይደማል። አባቴን ራት ልጠራው ሄጄ ገፍትሮ አስወጣኝና በሩን ከውስጥ ቆለፈው። መስኮቱን ደበደብኩ። ዞሮም አላየኝ፣ ይቀባል።

አባቴ ኦድሌይፍ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀለም ቀብቷል፣ እኔም ትምህርቴን ትቼ አሁን አብሬው እቀባለሁ። እዚህ ሰሜን ኖርዌይ ጫፍ ባለው መንደራችን እጁ ያላረፈበት ቤት የለም። ሴቶች የተሰበረ ስኒ፣ የኮፍያ ጥብጣብ ይዘው ይመጡና «ይኼን አስመስልልኝ» ይሉታል። እሱ አንዴ አይቶ ይቀላቅላል። ሱቅ ያለውን መቀላቀያ ማሽን «የዕውር ምርኩዝ» ነው የሚለው።

ድሮ ቀለሙ ሁሉ በአኳራጅ፣ በዚያ ጭሱ ራስ በሚያዞር ፈሳሽ፣ የሚቀጥን ነበር። ክረምቱ ስለሚበርድ መስኮት ዘግተው ነበር የሚቀቡት፣ እሱና ጓደኛው ዩሊዩስ። ራሳቸውን ሲያዞራቸው ወተት ይጠጣሉ። ወተት ጭሱን ያጥባል ይሉ ነበር፣ ሁሉም ቀለም ቀቢ እንደዚያ ነበር የሚያምነው።

አሁን ዩሊዩስ የአረጋውያን ቤት ነው ያለው። መጀመሪያ ቀለም መለየት ነው የጠፋው። ቀጥሎ የቤቱ በር ጠፋው፣ ከዚያ የሚስቱ ፊት። ሐኪሙ ያ ጭስ ጭንቅላቱን በላው አለ። አባቴ እሑድ እሑድ ይጠይቀው ነበር። አንድ እሑድ መኪና ውስጥ «እንደሱ ከሆንኩ እዚያ ቤት እንዳታስገቢኝ፣ ማይ ብሪት። አላስገባህም ብለሽ ማይልኝ» አለኝ። ማልኩለት። ከዚያ ወዲህ ዩሊዩስ ጋ ሄዶ አያውቅም።

በታኅሣሥ አዳራሹን እንዲቀባ ሰጡት። የአዳራሹ ኃላፊ ቶርዲስ ውሃ ሰማያዊ ነው ያዘዘችው፣ ፀሐይ ስትመለስ ልጆቹ በዓሏን እዚያ ስለሚያከብሩ። በታኅሣሥ እኛ ጋ ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም። በጨለማው ወር ማንም ቀለም ቀቢ በመብራት አይቀላቅልም፣ በቀለሙ ቁጥር ከሱቅ ያዛል ወይ ፀሐይን ይጠብቃል። አባቴ ግን በመብራት ቀላቀለ።

ከትናንት ወዲያ ፀሐይ ብቅ ስትል ግድግዳው አረንጓዴ ሆኖ ቁጭ አለ።

«አንተ ኦድሌይፍ!» አለች ቶርዲስ፣ «ሰማይ አምጣልኝ ብልህ ኩሬ ደፋህብኝ? እንቁራሪቶቹንስ የት አደረስካቸው?»

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። «መብራቱ ነው የሸወደኝ» አለ። ሁሉም አመነው፣ እኔም አመንኩት። እንዲህ ያለ ስህተት እዚህ አገር ያለ ነው።

ትናንት ሊያስተካክለው በቀን ብርሃን፣ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ ቀላቀለ። ባልዲውን አየሁት። ከበፊቱም የባሰ አረንጓዴ ነው።

«አባዬ፣ ይኼ እኮ ሰማያዊ አይደለም።»

«ምንድነው ታዲያ?»

«አረንጓዴ።»

«ትምህርትሽን ጥለሽ የመጣሽው አንቺ ቀለም ልታስተምሪኝ ነው? ሂጂ ዓይንሽን ታጠቢ።»

የቀለም ናሙና ካርዱን አወጣሁና «ሰማያዊውን አሳየኝ» አልኩት። ጣቱ ካርዱ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ካርዱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ጨዋታ አልወድም» አለ። ተመልሶ ባልዲውን ማማሰል ጀመረ።

ዛሬ ጠዋት እሱ ሳይነሳ ሱቅ ሄጄ በማሽን አስቀላቀልኩ። ግድግዳውን ሁለት እጅ ቀባሁት። ቶርዲስ መጥታ አየችው።

«ኧረ ይባርክሽ! አባትሽ ነው የቀባው?»

«አዎ፣ እሱ ነው» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ።

ከሰዓት አባቴ ወጥቶ ሄደ። ለራት ልጠራው ስሄድ እኔ የቀባሁትን በዚያ በአረንጓዴው እየሸፈነው አገኘሁት። ወተት የጠጣበት ብርጭቆ መስኮቱ ላይ አለ። መስኮቶቹን ሁሉ ዘግቷቸዋል። አሁን የምንቀባው ቀለም ጭስ የለውም፣ በውሃ ነው የሚቀጥነው፣ ወተትም ከልጅነቴ ወዲህ ሲጠጣ አላየሁትም።

«አባዬ፣ ተው። አልቋል እኮ፣ ሰማያዊ ነበር።»

«ዩሊዩስ የታለ?» አለኝ። «ያኛውን ጥግ እሱ ነው የሚጨርሰው።»

ብሩሹን ልቀማው እጁን ያዝኩት። ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፣ አለመቆጣቱ ነው ያስፈራኝ። የጎረቤት ልጅ እንደሚያናግር ሰው በትህትና፣

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

«ማይ ብሪት ነኝ፣ አባዬ። ያንተው።»

«የኔ ልጅ ትንሽ ናት» አለና ትከሻዬን ይዞ ወደ በሩ ገፋኝ።

አሁን መሽቷል። ከዚህ ሆኜ የአዳራሹ መብራት ይታየኛል። አባቴ አንዴ በመስኮቱ ያልፋል፣ ብዙ ቆይቶ ደግሞ ያልፋል። ሐኪም ብጠራ ዩሊዩስ ያለበት ቤት ነው የሚያስገቡት፣ እኔ ደግሞ ላላስገባው ምያለሁ። ባልጠራ ደግሞ ብርዱ አለ፣ መሰላሉ አለ። ለቶርዲስ ልደውል ስልኩን ሁለቴ አንስቼ አስቀመጥኩት። ጠዋት በሁለት ሰዓት ልጆቹን ለበዓሉ ይዛ ትመጣለች፣ በሩን በቁልፏ ትከፍታለች፣ ያኔ ሁሉም ያዩታል።

ልደውል ወይስ ተመልሼ ልሂድ፣ አላውቅም። ብሄድስ ያውቀኝ እንደሆነ አላውቅም።