ከጁባ እስከ ሩምቤክ አንድ ሰዓት

«ውረድና ያለ ሻንጣህ ውጣ» አለው መዛኙ።

ማኩር ከሚዛኑ ወረደና ሻንጣውን አስቀምጦ እንደገና ወጣ። በሁለት ሰዓት ትነሳለች የተባለችው ትንሽ አውሮፕላን አራት ሰዓት አልፎም ጁባ ሜዳ ላይ ቆማለች። መጀመሪያ ዝናብ ተባለ፣ ቀጥሎ የሚሳፈር ሹም አለ ተባለ፣ አሁን ደግሞ ክብደት።

«ሩምቤክ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አንድ ሰዓት።»

«እሷን አንድ ሰዓት ነው ከጠዋት ጀምሮ የምጠብቀው!»

«ከቸኮልክ በመኪና ሂዳ!»

የተሰለፉት ሳቁ። በክረምት በዚያ መንገድ በመኪና የሄደ ጭቃ ውስጥ ነው የሚያድረው።

ማኩር ጁባ ውስጥ ጄኔሬተር ይጠግናል። ሩምቤክ ያለችው የእህቱ ልጅ አሜር ዛሬ ለማን እንደምትዳር ይወሰናል። ፈላጊዎቿ ሁለት ናቸው፤ አንዱ እሷ የምትወደው አስተማሪ፣ ሌላው ለጥሎሽ ብዙ ከብት የሚሰጠው፣ በከብት የናጠጠው ማጃክ። የእናት ወንድም ቃሉን ሳይሰጥ ነገሩ አይቋጭም። ሽማግሌዎቹ ግን ከቀትር በላይ አንጠብቅም ብለዋል።

አሜር ትናንት ደውላ ነበር። «አጎቴ፣ አባቴ ቀንድ ካየ እኔን አያየኝም። ካልደረስክልኝ አለቀልኝ።»

«እደርሳለሁ» ብሏታል።

በመጨረሻ ተነሱ። ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሩምቤክ ታየች። አውሮፕላኗ ዝቅ፣ ዝቅ አለችና ድንገት አፍንጫዋን ቀና አድርጋ ተመልሳ ወጣች።

«ምንድን ነው?» አለ ማኩር።

«ከብት» አለ አብራሪው።

ማኩር በመስኮት ተመለከተ። ማረፊያው ከዳር እስከ ዳር ነጭ፣ ቡሬ፣ ዳለቻ ከብት ሞልቶበታል። ከፊት የቆመውን ቀንደ ረጅም በሬ አወቀው፤ የማጃክ ነው። ከብቶቹን የሚጠብቁት ጎረምሶች እጃቸውን እንደ ቀንድ ወደ ላይ ዘርግተው ይጨፍራሉ።

«ወይ በሬ!» አሉ አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ። «እንዲህ ያለ በሬ ለማየትማ ቢዞርስ ምን አለበት?»

«አባባ፣ ይተዉኝ!»

አብራሪው ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ከብቶቹ ደነበሩ። ጎረምሶቹ መልሰው አሰለፏቸው፤ እጃቸውንም ለአውሮፕላኗ አውለበለቡ። አብራሪው ሦስት ጊዜ ዞረ።

«ነዳጄ ለመመለሻ ብቻ ነው» አለ።

«አንዴ ብቻ! ይሸሻሉ እኮ!»

«ሰውዬ፣ ቁጭ በል።»

ጁባ እንዳረፉ የማኩር ስልክ ጮኸ። የአሜር አባት ማቱር ነው፤ ከበስተኋላው ከበሮ ይመታል።

«አማቼ! አየሃቸው አይደል? ማጃክ ነው እዚያ ያሰለፋቸው፤ ‹አጎትየው ከላይ ሆኖ እስኪጠግብ ይያቸው› ብሎ።»

«ማረፍ አቅቶን ነው የተመለስነው!»

«ሦስት ጊዜ! አብራሪውን ምን ብታጎርሰው ነው? ሽማግሌዎቹ ሁሉ ‹ወዷቸዋል፣ ቃሉን ሰጥቷል› አሉ።»

«አልወደድኩም! አልተስማማሁም! ስልኩን ለአሜር ስጣት!»

«ምን? አይሰማም፣ ከበሮው ነው…»

መስመሩ ተቋረጠ። ማኩር ደጋግሞ ደወለ፤ አልገባለትም። ወደ መዛኙ ሮጠ።

«ለሩምቤክ ሌላ በረራ መቼ ነው?»

«ሐሙስ።»

«ነገስ?»

«ሐሙስ አልኩህ።»

አሜር በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ለማጃክ ተሰጠች።