ከአንሶላው ማዶ

ስለ ተማሪዋ አውሪ ካላችሁኝ አወራለሁ፤ ግን መሃል ላይ አታቋርጡኝ፣ ሰው ሲያቋርጠኝ ነገሩም ይጠፋብኛል፣ ቁጣዬም ይመጣል። ተማሪዋ የምንላት ትምህርት ቤት ስለምትሄድ አይደለም። ያኔ አርባ አራት ዓመቷ ነበር፤ ባሏ የከተማ አውቶቡስ የሚነዳ፣ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ያላት የቤት እመቤት ናት። ስሙን ያወጣንላት ከደብተር ስለማትለይ ነው። የልጇ አሮጌ ደብተር ከሽርጧ ኪስ አይጠፋም ነበር፤ ከኋላው ገጾች ላይ የእንግሊዝኛ መልመጃ የተገለበጠበት።

እኔ አለቃዋ ነኝ። የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ፤ እዚህ ሥራ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። ክፍላችን ከምድር በታች ነው፣ መስኮት የለውም። አራት ማጠቢያ፣ ሁለት ማድረቂያ፣ አልጋ የሚያህል አንድ የአንሶላ ካውያ፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ሲንጠባጠብ የሚውል ቱቦ። ዝናብ መዝነቡን የምናውቀው ከላይ የሚመጡት ሰዎች እርጥብ ጫማ ይዘው ሲወርዱ ነው። ማታ ስንወጣ የበሩን ዘበኛ "ዛሬ ፀሐይ ነበረ እንዴ?" ብለን እንጠይቀዋለን። እሱም ቀልድ ይወዳል፣ "ስትፈልጋችሁ ዋለች" ይለናል።

ከዚያ ምድር ቤት መውጫው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛ። በዓመት አንድ ጊዜ ፈተና አለ። ያለፈ ሰው እንግዳ መቀበያ ወይም ስልክ ክፍል ይመደባል። አርባ አምስት ዓመት የሞላው ግን አይፈተንም፣ አይዛወርምም። ፈተናው አርባ ጥያቄ ነው፤ ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሰጡህና በአንድ ቃል አገናኛቸው ይሉሃል። ማገናኛው መስተጻምር ይባላል አሉ። እኔ መጀመሪያ ስሰማው የመድኃኒት ስም መስሎኝ ነበር።

ለተማሪዋ ነገሩ የሹመት ጉዳይ አልነበረም፤ የደረቷ ጉዳይ ነው። እንፋሎቱና በረኪናው ተባብረው ሳንባዋን ጨርሰውታል። ሳሉ ሲነሳባት የካውያውን ጠርዝ ይዛ ትቆማለች፣ ፊቷ ይጠቁራል፣ እኛም እጃችንን አጣጥፈን እናያታለን። ሐኪሙ "ከእንፋሎት ራቂ፤ አለዚያ መድኃኒቴ ምንም አያደርግልሽም" ብሏታል። ሌላ ቦታ ሥራ ፍለጋ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንታለች፤ የተገኘላት ሌላ ልብስ ማጠቢያ ነው።

እኔና እሷ እንዴት እንደምናጠና ልንገራችሁ። አንሶላን አንድ ሰው ብቻውን አያጥፈውም፣ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እሷ። ደብተሩን ካውያው ላይ እናቆመዋለን። እኔ ትርጉሙ ባይገባኝም ፊደሉን እንደምንም እቆጥራለሁ። "ሰውየው ታሟል" የሚለውን በእንግሊዝኛ አንብቤ ወደ እሷ እራመዳለሁ፤ እሷ "ሥራ ገብቷል" የሚለውን ይዛ ወደ እኔ ትመጣለች። መሃል ላይ ጫፍ ለጫፍ ስንገናኝ "በት"፣ ግን ማለቷ ነው፣ ትለኝና ጫፏን ለእኔ ሰጥታ ተጎንብሳ የታችኛውን እጥፋት ታነሳለች። ሌላ አንሶላ። "ሴትየዋ ይቺ ናት" እላለሁ፣ "ቁልፉን ወሰደች" ትላለች፣ መሃል ላይ ደግሞ "ሁ"። ለሰው ሁ፣ ለዕቃ ዊች፣ ለቦታ ዌር። በቀን ሁለት መቶ አንሶላ እናጥፋለን፤ በአስራ አንድ ዓመት ስንቱን እንደገጣጠምን እናንተው አስሉት።

"እትዬ፣ ያኔ እኮ ጀምረሽ ቢሆን ይሄኔ አንቺም ታልፊ ነበር" ትለኛለች።

"ምን በወጣኝ። አፌ በአማርኛውም አላረፈ" እላታለሁ።

ትስቃለች፣ ከሳቁ ኋላ ሳሉ ይመጣል።

ሰባት ዓመት ተለማምዳ ነው ለፈተና የደፈረችው፤ ሦስት ጊዜ ተፈትና ሦስቴ ወደቀች። እውቀት አጥታ አይደለም። አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ እሷ ደግሞ ማሽን ካልጮኸ ማሰብ አትችልም፣ እጇም ባዶውን ሲቀር ይንቀጠቀጣል። በአራተኛው፣ የመጨረሻ ዕድሏ ስለነበር፣ አንድ የትራስ ልብስ በቦርሳዋ ይዛ ገባች። አንድ ጥያቄ ጽፋ፣ ጭኗ ላይ አንዴ ታጥፋለች፤ ትዘረጋለች፣ እንደገና ትጽፋለች። ፈታኙ መጥቶ ይሄ ምንድነው ቢላት "መሐረቤ ነው" አለችው።

ውጤቱ ለተፈተነው ሰው አይሰጥም። በደብዳቤ ለክፍሉ ኃላፊ ይላካል፤ ኃላፊው ሰውየውን እንደሚለቀው ፈርሞ በሠላሳ ቀን ውስጥ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ካልተመለሰ ሰውየው ቦታውን እንዳልፈለገው ይቆጠራል።

ደብዳቤው መጣ። ከአርባ ሠላሳ ሰባት። ሦስተኛ ፎቅ፣ ስልክ ክፍል።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ያን ዓመት ቀኝ ትከሻዬ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ክንዴ ከደረቴ በላይ አይነሳም። ይህን ከተማሪዋ በቀር ማንም አያውቅም። እርጥቡን ልብስ ከማሽኑ የምታወጣልኝ እሷ፣ ስናጥፍ አንሶላውን ለእኔ ብላ ዝቅ አድርጋ የምትይዝ እሷ፣ ተቆጣጣሪ ሲወርድ ቀድማ ከፊቴ የምትቆም እሷ። እሷ ከወጣች በሳምንቱ ይታወቅብኛል፣ በወሩ ያሰናብቱኛል ብዬ አሰብኩ። ቤት ውስጥ ባሌ ከወደቀ ጀምሮ አልጋ ላይ ነው፤ የማጎርሰውም፣ በግራ እጄ የማገላብጠውም እኔ ነኝ። ከራስ በላይ ነፋስ ይላሉ። እኔም አልኩ።

በክፍላችን አንድ የእንጨት ሣጥን አለ። ከእንግዶች ኪስ የተገኘ ነገር ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ቀለበት፣ መነጽር፣ ወረቀት፣ ምኑ ቅጡ። ከጎኑ መዝገብ አለ፤ ምን ተገኘ፣ ከየት ተገኘ፣ ባለቤቱ ማነው። በሃያ ስድስት ዓመት አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ አስቀርቼ አላውቅም፤ ጠላቴም ይመስክር። ደብዳቤውን እዚያ ሣጥን ውስጥ፣ አንድ አንድ ብቻቸውን ከቀሩት ካልሲዎች ሥር ከተትኩት። ነገ አወጣዋለሁ ብዬ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ነገ ብዬ ነው።

"እትዬ፣ ውጤት አልመጣም?"

"አልመጣም።"

በሳምንቱ ደግማ ጠየቀችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ዓይኗን ማየት ሲያቅተኝ "ያለፉትን ጠርተዋል አሉ። አልቀናሽም መሰለኝ" አልኳት። ከዚያ ምን አለችኝ መሰላችሁ? "በይ አንብቢልኝ። ፈተናው ቢቀር ቋንቋው አይቅርብኝ።" አነበብኩላት። ሠላሳኛው ቀን ሲያልፍም እያነበብኩላት ነበር። ሌሊት እንቅልፍ አላጣሁም፤ ዋሽቼ ምን አገኛለሁ። የሚጨንቀኝ ቀን ቀን፣ በሣጥኑ አጠገብ ሳልፍ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ አርባ አምስት ሞላት። ልጇ አዲስ ደብተር ሰጥታት፣ ይዛው መጥታ ለሁላችንም አሳየች።

በዚያው ሳምንት ፈተናውን የሚያርመው መምህር ወደ እኛ ወረደ። ሸሚዙ ላይ ቀለም ፈሶበት ነው። ተማሪዋን ሲያያት ሳቀ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ተቀይሜሻለሁ" አላት።

"ምን አጠፋሁ ጋሼ?"

"ሠላሳ ሰባት አምጥተሽ፣ ከሁሉም በልጠሽ፣ ሥራው እምቢ ይባላል? ደብዳቤሽ ሳይመለስ ቀረ እኮ። ወይስ ምድር ቤቱ ተመቸሽ?"

አንሶላ ዘርግተን ይዘን ነበር። አልጣለችውም። እንደ ሁልጊዜው እስከ መሃል መጥታ ጫፏን እጄ ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያ ወደ መምህሩ ዞራ "ሸሚዝዎን ይተዉልኝ፣ ይለቃል" አለችው። ቀለሙን ማለቷ ነበር። አመስግኖ ወጣ።

እሷ በቀጥታ ወደ ሣጥኑ ሄደች። የሰው ነገር ቀድጄ እንደማልጥል ታውቃለች፤ አስራ አንድ ዓመት ስኩራራበት ሰምታኛለች። ካልሲዎቹን አንድ በአንድ አወጣች፣ ደብዳቤውን አገኘች፣ ቆማ አነበበችው። ማንንም ምን ማለት ነው ብላ አልጠየቀችም። ከላይ እስከ ታች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ሁሉንም። ከዚያ መዝገቡን ገለጠች። ምን ተገኘ በሚለው ሥር "ደብዳቤ" ብላ ጻፈች። ከየት በሚለው "ከአለቃ ኪስ"። ባለቤቱ በሚለው ላይ እስክሪብቶዋን አሳርፋ ቆየችና ባዶውን ተወችው።

"ስሚኝ እህቴ፣ ትከሻዬ…" አልኩ።

"ትከሻዎን አውቀዋለሁ" አለችኝ። ያን ሁሉ ዓመት አንቺ ስትለኝ ኖራ። "ቢነግሩኝ ኖሮ በምሳ ሰዓቴ እየወረድኩ አብሬዎት አጥፍ ነበር። ይሄ አልታሰበዎትም?"

አልታሰበኝም። በልጆቼ እምላለሁ፣ አንድም ቀን አልታሰበኝም።

በማግስቱ ደብዳቤውን ይዤ አስተዳደር ቢሮ ወጣሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ ያን ደረጃ የወጣሁት አራት ጊዜ አይሆንም፤ መስኮቱ በዛብኝና ዓይኔን አጨናበሰኝ። ሁሉንም ነገርኩት ለሹሙ። ደብቄ ነው፣ እኔን አባሩና እሷን አውጧት አልኩት።

"ዕድሜዋ አልፏል። ቦታውም ተይዟል" አለኝ ወረቀቱን ወደ እኔ እየገፋ። "አንቺንስ ለምን አባርራለሁ? ሥራውን የምታውቁት ሁለታችሁ ናችሁ።"

"ትከሻዬ እኮ አይሠራም፤ የእኔን ድርሻ የምትሠራው እሷ ናት።"

"ልብሱ ታጥቦ እስከመጣልኝ ድረስ ትከሻሽ ምን አገባኝ? ይልቅ ውረጂ፣ የሁለተኛው ፎቅ አንሶላ ዘግይቷል።"

ለካ አያባርሩኝም ነበር። ለዚህ ነበር እንግዲህ። ደረጃውን ስወርድ መሃል ላይ ተቀመጥኩ። አንድ አስተናጋጅ "እማማ፣ አመመዎት?" ብሎኝ አለፈ።

ይህ ከሆነ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። መምህሩም ሹሙም ሌላ ቦታ ሄደዋል። እኛ ሁለታችን እዚያው ነን፤ እሷን ዕድሜዋ አያስወጣትም፣ እኔን ደግሞ ለጡረታ ትንሽ ቀርቶኛል፣ ብወጣስ እሷን ከማን ጋር ትቼ ነው። ሥራ አታጎድልም። "ደህና አደሩ አለቃ፣ ደህና ያምሹ አለቃ" ትለኛለች። ክፋት አንድ ቀን ተናግራኝ አታውቅም፤ ብትሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ። አንሶላውን አሁንም ለትከሻዬ ብላ ዝቅ አድርጋ ትይዝልኛለች።

ደብተር ይዛ መምጣት ትታለች። እኔ ግን አንድ ቀን ዝምታው ሲከብደኝ ከድሮው ደብተር ትዝ ያለኝን ጀመርኩ። "ሰውየው ታሟል" አልኩ በእንግሊዝኛ፣ ጫፌን ይዤ እየተራመድኩ። ከማዶ መጣች፤ አፏ አልተከፈተም። መሃል ላይ ጫፏን ሰጠችኝና ተጎነበሰች። እኔው "በት" አልኩ፤ እኔው "ሥራ ገብቷል" አልኩ። ለካ ሁሉም ጆሮዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እላለሁ፣ አንዱንም አልስት። ደረቷ ብሶባታል። ሳሉ ሲይዛት አንሶላውን ትለቅና ካውያውን ትይዛለች፤ እኔም አንዱን ጫፍ ይዤ፣ ሌላው መሬት ወርዶ፣ እስኪያልፍላት እጠብቃለሁ።