ሐሙስ ያልገባው አቤቱታ

«ሐሙስ ዕለት ስጠይቅሽ ዝም ያልሽው ለምንድን ነው?»

ይህን የጠየቁኝ እትዬ ዘነበች ናቸው። ከሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው፣ በሚቆራረጥ ትንፋሽ፣ ድምፃቸውን በስልክ ቀድተው ላኩልኝ። መልስ ሳልሰጣቸው በሦስተኛው ቀን ዐረፉ። ዛሬም መልስ የለኝም።

ዜና ዕረፍታቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ቁሩም በሚባለው ሰፈር፣ በባሕሩ ዳርቻ ባለው ሆቴላችን ልብስ ማጠቢያ አብራችኋቸው የሠራችሁ፣ የሠራተኛ ማኅበራችን አባላት፣ ዓርብ ዓርብ ከአል ሀይል ሰፈር፣ ከየምትሠሩበት ሰው ቤት እየመጣችሁ የልባችሁን የምታጫውቷቸው እኅቶች። ወይዘሮ ዘነበች በወረርሽኙ ሁለተኛ ዓመት፣ ሙቀቱ በበረታበት ወር፣ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን። «በሽታው ወሰዳቸው» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ሙሉው ግን አይደለም። እርሳቸው ደግሞ የጎደለ ነገር ወረቀት ላይ ሲሰፍር አይወዱም ነበር። የጎደለውን የማውቀው እኔ ነኝና እጽፈዋለሁ።

እትዬ ዘነበች ሙስካት ሲገቡ መጀመሪያ ሰው ቤት ሠሩ፤ ከዚያ በሆቴሉ ማጠቢያ ተቀጠሩ። ማኅበሩ ሲቋቋም የውጭ አገር ሴቶችን አቤቱታ የሚቀበል ሰው አስፈለገ። ሊቀ መንበሩ ሳሊም፣ የጥገና ክፍሉ ኦማናዊ፣ ሴቶቹ ሲከፋቸው ወዴት እንደሚሄዱ ቢጠይቅ ሁሉም በጣታቸው ወደ ማጠቢያው ጠቆሙት ይባላል። ቢሮ ብለን የምንጠራት ከማጠቢያው ጎን ያለችውን፣ አሮጌ መጋረጃ የሚከማችባትን ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት ወንበር ብቻ ትይዛለች፤ አንዱ የእርሳቸው፣ አንዱ የባለጉዳይዋ። እኔ የመጋረጃው ክምር ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ።

አሠራራቸው የራሳቸው ነበር። የመጣችው ሴት ነገሯን ሁለት ጊዜ ትናገራለች። በመጀመሪያው እኔ ብዕር አላነሣም። አለቃዋን ትስደብ፣ ታልቅስ፣ አውሮፕላን የተሳፈረችበትን ቀን ትርገም፤ እትዬ ዘነበች ፎጣ እያጠፉ ይሰማሉ። ሲወጣላት ውሃ ይሰጧትና፣ «ይኸ ለንዴትሽ ነበር። አሁን ለወረቀቱ ንገሪኝ» ይሏታል። ያኔ ነው የምጽፈው። ስጨርስ አነብላታለሁ፤ አንዲት ቃል የእርሷ ካልሆነች ትወጣለች። «ቃሏ ካልሆነ አቤቱታዋ አይደለም» ይሉ ነበር። «አለቃው ያችኑ ቃል ይይዝና ቀሪውን ሁሉ ውሸት ያደርግብናል።» ከዚያ ትፈርማለች፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ፤ ሳሊም ይዞት ወደ አስተዳደሩ ይገባል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ደብረ ብርሃን ሰው ቤት እየሠራሁ። እንግሊዝኛውን የለመድኩት ከዚያም በኋላ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው በፊደል ቀናተኛ ነው። ስርዝ ድልዝ ያለበት ገጽ ሳይ እጄ ያደፈ ይመስለኛል፤ ቀድጄ እንደገና እገለብጠዋለሁ። እትዬ ዘነበች በዚህ ይስቁብኝ ነበር። «የኔታ፣» ይሉኛል፣ «ይቺን ደግሞ ለንጉሥ ልትልኪያት ነው?» ብዙ ስለማልናገርም ለአዲስ ሰው ሲያስተዋውቁኝ፣ «የዚች ልጅ ዝምታ ፊርማ ነው፤ ዝም ካለች ነገሩ አልቋል፣ ኻላስ» ይላሉ። እንስቅ ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

የአውቶቡሱን ነገር ታስታውሳላችሁ። የሠራተኛው አውቶቡስ ክፍል አጽጂዎቹ ሳይጨርሱ እየተነሣ ሴቶቹ በዚያ ሙቀት እስከ ማደሪያችን በእግራቸው ይሄዱ ነበር። እትዬ ዘነበች ነገሩን ወራት ያዙት። አስተዳደሩ ሲመልሳቸው ይመለሳሉ፤ በማግሥቱ ያንኑ ወረቀት ይዘው ሳሊምን በር ላይ ይጠብቁታል። በመጨረሻ አስተዳደሩ አውቶቡሱ አሥር ደቂቃ እንዲቆይ ፈቀደ። አንዷ፣ ይኼ ሁሉ ልፋት ለአሥር ደቂቃ ነው ወይ ብላ ብታጉረመርም፣ ዝቅ ብለው ጫማዋን አዩና «ለእኔ አትንገሪኝ፣ ለእግርሽ ንገሪው» አሏት።

ማኅበሩ ለሰው ቤት ሠራተኛ አይቆምም፤ ደንቡ አይፈቅድለትም። እርሳቸው ግን «መዝገብ የለንም እንጂ ጆሮ አለን» ብለው ዓርብ ዓርብ ይቀበሏችሁ ነበር። አንዲት ልጅ እናቷ ሞታባት፣ ማዳሟ እንግዳ አለብኝ ብላ ለቅሶ እንዳትቀመጥ የከለከለቻት ጊዜ አብሬያቸው ነበርኩ። የሚጻፍ ነገር አልነበረም፤ የሚገባበትም የለም። እትዬ ዘነበች ተነሥተው ከልጅቷ ጋር አል ሀይል ሄዱ። ልጅቷ እኛ ዘንድ ተመልሳ ስታለቅስ ዋለች፤ እርሳቸው በእረፍት ቀናቸው በእርሷ ፈንታ የእንግዶቹን ሳህን ሲያጥቡ ዋሉ። ሲመለሱ ወገባቸውን ይዘው፣ «የሀብታም ድስት እንዴት ይከብዳል» አሉ እንጂ ሌላ አልጨመሩም። የሌላውን ሸክም እንዲህ ነበር የሚወስዱት፤ ሳያስጠይቁ። ይህን ጠባያቸውን ከማንም በላይ አውቀው ነበር። አለማወቄን ምክንያት ማድረግ አልችልም።

ወረርሽኙ ሲመጣ ሆቴሉ ባዶ ሆነ። በኋላ አንዱ ክንፍ ከውጭ የሚገቡ መንገደኞች ተለይተው የሚቆዩበት ተደረገ። የእነርሱ አንሶላ ውሃ ውስጥ በሚሟሟ ከረጢት ታስሮ፣ ሳይፈታ ማሽን ውስጥ መግባት ነበረበት። አንድ ቀን ከረጢቱ አለቀ፣ ማፊ፣ ተባለ። አንሶላው በክፍት ጋሪ ይመጣ ጀመር፤ ሴቶቹ በእጃቸው አራግፈው ይለዩታል። እኔ በንጹሑ በኩል፣ መተኮሻው ላይ ነበርኩ። አልነካሁትም።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ከሄደ በኋላ፣ ረቡዕ ዕለት፣ ሴቶቹ ተራ በተራ ወደ መጋረጃው ክፍል ገቡ። ሁለት ሁለት ጊዜ ተናገሩ። ጻፍኩ፤ አነበብኩ፤ ፈረሙ። ስማቸውን ግን ከአፋቸው አልወሰድኩም፤ ለፍጥነት ብዬ ከፈረቃው ሰንጠረዥ ገለበጥኩት። ሰንጠረዡ ላይ ሰባት ነበሩ። ሰባተኛዋ ሐያት ናት፣ የኮምቦልቻዋ። አብራት የምታድረው ልጅ ስለታመመች እርሷም ማደሪያዋ ውስጥ ተለይታ ከረመች፤ ያን ክፍት ጋሪ በዐይኗም አላየችውም። ይህን ያወቅኩት ሐሙስ ከቀትር በፊት፣ ወረቀቱን ይዤ ወደ ሳሊም ስሄድ፣ ደረጃው ላይ ነው። ከስሟ ፊት ያለው የፊርማ ቦታ ባዶ ነበር።

አንድ መስመር ይበቃ ነበር። ስሟ ላይ በብዕር አንድ መስመር ስቦ ወረቀቱን ለሳሊም መስጠት። ብዕሩ እጄ ላይ ነበር። አልሳብኩም። ገጹን እንደ አዲስ ልገለብጠው ወሰንኩ። ለአዲሱ ገጽ ግን ስድስቱም እንደገና መፈረም አለባቸው፤ ሦስቱ ፈረቃቸውን ጨርሰው ሄደዋል። ሳሊም በቀትር ይወጣል፤ ዓርብና ቅዳሜ የአስተዳደሩ ቢሮ ዝግ ነው። እሑድ ጠዋት አስገባዋለሁ አልኩ። ያልኩት ለራሴ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ጋሪዎቹ ፊት እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። አንነካም አሉ። የክፍሉ አለቃ የቆሙትን ስም መመዝገብ ጀመረ። እትዬ ዘነበች በጋሪዎቹ መካከል አልፈው መተኮሻው ጋ መጡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ገባ?»

ዝም አልኩ።

ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ተመለሱ። ለሴቶቹ የነገሯቸውን ሁላችሁም ሰምታችሁታል፤ ከዚያ ወዲህም ስትደጋግሙት እሰማለሁ። «ወረቀቱ ገብቷል» አሉ። «ከገባ በኋላ ሥራ ከቆመ አድማ ይሉትና በመጀመሪያው አውሮፕላን ይጭኑናል። መልሱ እስኪመጣ እኔ እለየዋለሁ፤ እናንተ ማሽኑን ያዙ። ያላ።» ጓንታቸውን አጠለቁና የመጀመሪያውን አንሶላ አነሡ። በመካከላችን አሥር እርምጃ አይሞላም ነበር። የምናገርበት ጊዜ ነበረኝ። ካውያው ሲቀዘቅዝ እንደገና አጋልኩት።

ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ ለብቻቸው ለዩ። እሑድ ጠዋት ስድስቱን፣ አንዳቸውም ለምን እንደገና ሳይሉኝ፣ አስፈርሜ፣ አንድም ስርዝ የሌለበትን ገጽ ለሳሊም ሰጠሁት። አስተዳደሩ ሰኞ እሺ ብሎ መለሰ። ማክሰኞ ከረጢቱ መጣ። ሳሊም ደስ ብሎት ማጠቢያው ድረስ ወርዶ፣ እሑድ ገብቶ ሰኞ መልስ ያገኘ አቤቱታ እስከ ዛሬ አላየሁም አለ። እሑድ ሲል እትዬ ዘነበች ቀና ብለው አዩኝ። ዓርብ ዕለት ሳል ጀመራቸው፤ በማግሥቱ ትንፋሽ አጠራቸውና ሆስፒታል ገቡ። ያ ድምፅ የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ሰው ሊያጽናናኝ ቢፈልግ የሚለውን አውቀዋለሁ። ከዚያ በፊትም ሁለት ሳምንት ከሴቶቹ ጋር ነክተውታል፤ ቀድሞ ይዟቸው ይሆናል። ሐሙስ ቢገባም መልሱ እስከ ሰኞ አይመጣም ነበር ይሆናል። ይህን ሁሉ ለራሴ ብዬዋለሁ። እርሳቸው የጠየቁኝ ግን ይህን አይደለም። ገደልሽኝ ወይ አላሉኝም። ለምን ዝም አልሽ ነው ያሉኝ። አፍሬ ነው ብዬ እጽፋለሁ፤ ሳነበው ቃሌ አይደለም። ፈርቼ ነው ብዬ እጽፋለሁ፤ እርሱም አይደለም። በሌሎች ሴቶች አፍ ላይ ያለውን ቃል ስንት ዓመት ስለይ ኖሬ የራሴን አንድ ቃል አጣሁ።

አስከሬናቸው አገር አልገባም። ለቀብሩ የተፈቀደው ለአራት ሰው ብቻ ነበር፤ ሳሊም ከአራቱ አንዱ ሆኖ ሄደ። ደሴ ያለችው ልጃቸው መቅደስ ሳሊም በያዘው ስልክ አየችው። አፈር ሲገባ ምስሉ ተቋረጠ አለችኝ። በኋላ ደውላ፣ እናቷ በመጨረሻ ሰሞን ምን ይሉ እንደነበር ጠየቀችኝ። ስለ አውቶቡሱ ነገርኳት።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ወራት ማንም አላወቀም። ማኅበሩ በእትዬ ዘነበች ቦታ ሐያትን መረጠ። እኔም በቦታዬ፣ በመጋረጃው ክምር ላይ፣ መጻፌን ቀጠልኩ። ሐያት የእርሳቸውን አሠራር አልለወጠችም፤ ፎጣውንም ጭምር።

ባለፈው ሰኞ ባለጉዳይዋ ከወጣች በኋላ ተነሥቼ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

«ምነው የኔታ፣ መጋረጃው ሰለቸሽ?» አለች ሐያት።

ነገርኳት። ሥርዓት አልነበረውም፤ ከመጨረሻው ጀመርኩ፣ ወደ ደረጃው ተመለስኩ፣ አለቀስኩ። ፎጣ እያጠፈች ሰማችኝ። ሰባተኛው ስም ጋ ስደርስ እጇ ቆመ።

«የኔ ስም ነው?»

«የአንቺ።»

ያጠፈችውን ፎጣ ፈታችው። «ወላሂ፣» አለች፣ «መስመር ብታሰምሪበት አይከፋኝም ነበር።»

አላቀፈችኝም፤ ይቅር ይበልሽም አላለችኝም። ውሃ ቀዳችልኝ። ከዚያ ወረቀት ወደ ራሷ ሳበችና ብዕሬን ከእጄ ወሰደች።

«አሁን ለወረቀቱ ንገሪኝ።»

እትዬ ዘነበች፣ ነገርኳት። የእርስዎን ሐሙስ፣ የእርስዎን አምስት ቀን፣ እንዳለ ነገርኳት። ጽፋ ስታነብልኝ አንድ ቦታ «ረስቼ» የሚል አስገብታልኝ ነበር፤ ለእኔ አዝና ይሆናል። ቃሌ አይደለም አልኳት። መስመር ሳበችበት። ገጹን ልገለብጠው እጄን ብዘረጋ እጄን መለሰችው። ጥያቄዎ ጋ ስንደርስ፣ «ለምን?» አለችና ጠበቀችኝ። በመጨረሻ ቦታውን ባዶ ተወችው። ከነስርዙ፣ ከነባዶው ፈረምኩበት።

ሳሊም ይዞት የሚገባበት ቢሮ የለም። ወረቀቱ አሁን አሮጌዎቹ መጋረጃዎች ሥር ነው። እርስዎም ያሉበት ርቋል፤ በአሥር እርምጃ አይደረስም። ደኅና ይሁኑ፣ እትዬ ዘነበች። «ገባ?» ብለው ዛሬም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ቢሉ፣ አፌን ከፍቼ እመልስልዎታለሁ።

አልገባም።