በስተርጅና የለመንኩት ቁራሽ

ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ የሚቆጣኝ ስለሌለ ጠባዬ ተበላሽቷል። ጫማዬን አልጋ ላይ ባወጣው እንኳ ቤቱ ዝም ነው። አንድ ጠዋት ከቢቸና በሞጣ አውቶቡስ ተሳፍሬ ደብረ ወርቅ ወረድኩ። ልጅ ሳለሁ ቅኔ የተማርኩባት ከተማ ናት፤ ቅኔው ባይገባኝም ውሾቿን አንድ በአንድ አውቃቸው ነበር። የሄድኩት፣ አንድ ሰው እንኳ «አንተ ነህ እንዴ?» ቢለኝ ብዬ ነው።

ማንም አላለኝም። ጓደኞቼን ስጠይቅ ጣት የሚቀሰረው ወደ ቤተክርስቲያኑ መቃብር ነው። የቀረው ሰው ደግሞ ከከተማው ዳር ካለው ገደል አፋፍ ላይ ወጥቷል። ወጣቶች በሰፊ ጨርቅ ተንጠልጥለው ይበራሉ፤ ፓራግላይዲንግ ይሉታል። እኔም ሄጄ ቆምኩ። ቢጫው ጨርቅ ነፋስ ሞላው፤ በራሪው ጥቂት ሮጠና መሬቱን ተወው።

«አባባ፣ እርስዎስ አይሞክሩም?» አለኝ ገመድ የሚሰበስበው ወጣት።

«እኔን ከለቀቃችሁኝ የምታገኙኝ ሞጣ ነው። አጥንት ብቻ ነኝ።»

«ከእኔ ጋር እኮ ነው የሚታሰሩት። እታች ማሳው ላይ የሚቀበልዎት ሰው ካለ ይደውሉለት።»

ስልኬን አወጣሁ። ለማን እንደምደውል ሳስብ ቆየሁና መልሼ ከተትኩት።

«ጉልበቴ እንቢ አለ» አልኩት። ጉልበቴን ማን ጠየቀው!

ወደ ድሮ ሰፈሬ ወረድኩ። በተማሪነቴ ቁራሽ የማላጣበት አንድ ደጅ ነበር፤ በሩ ዛሬ ቆርቆሮ ሆኗል። ግራ ቀኝ አየሁ። የሚታዘበኝ የለም። ከዘራዬን ተደግፌ እንደ ተማሪነት ልማዴ «በእንተ ስማ ለማርያም» አልኩ።

ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ። የዚያን ጊዜዋ እመቤት አይደሉም፤ በዕድሜም ከእኔ ብዙ አይበልጡም።

«ድምፅህ ሻክሯል። ጉንፋን ይዞሃል እንዴ፣ ልጄ?»

ልጄ የሚለኝ ሰው ካለቀ ስንት ዘመኑ!

«ብርዱ ነው፣ እማማ።»

«አገርህ የት ነው?»

«ቢቸና።»

«እናትህ አለች?»

«የለችም።»

እጄን ፈልገው የዳቦ ቁራሽ አኖሩበት።

«በል ነገም ና፤ ዝንጅብል አፈላልሃለሁ።»

ሽማግሌ መሆኔን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ዳቦውን ጎረስኩበት። ከመንገዱ የቢቸናው አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፋ። ሲሄድ ሰማሁት። ከዚያ ለአዳር የሚከራይ አልጋ ልፈልግ ወጣሁ።