ራእይ ማሳያው መነጽር

መምህርት ውባንቺ ፈሪ ናት፤ ይህን ጂንካ ውስጥ የማያውቅ የለም። በሬ ትፈራለች፣ ባጃጅ ትፈራለች፣ ርዕሰ መምህሩን ትፈራለች። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል፤ የእሷ ፍርሃት ግን ለትምህርቷም በጃት። ልጅ ሳለች ከከተማው በላይ ባለው የአሪ መንደር የሰፈሯ ልጆች ከክፍል እየጠፉ እንሰት ሥር ሲጫወቱ፣ እሷ መምህሩን ፈርታ አንድ ቀን ሳትቀር ተማረች። ባዮሎጂ አስተማሪ ከሆነች በኋላም ልብን በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ እየሣለች ስንቱን አስተማረች። ተማሪዎቿ ሥዕሉን በቃላቸው ይይዙታል፤ ልብ ሲሠራ ግን ያየ የለም፣ እሷም ጭምር።

በቅርቡ አንድ ፕሮጀክት ለትምህርት ቤቱ ዐይንን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን መነጽር ሰጠ። ያጠለቀው ሰው፣ ውስጡ በሚታየው ተንቀሳቃሽ ምስል፣ ልብ ውስጥ የቆመ ያህል ደሙ በጎኑ ሲያልፍ ያያል። ውባንቺ መጀመሪያ ስትሞክረው ጮኻ ወንበር ገለበጠች። ደግማ ስታየው ግን የልብ በሮች ሲከፈቱና ሲዘጉ ፈዛ ቀረች። «ምነው ይህን ተማሪ ሆኜ ባየሁት!» አለች።

ጣጣው የመጣው በወላጆች ስብሰባ ነው። የእንግሊዝኛውን ስም ሸሽታ፣ «ራእይ ማሳያ መነጽር ነው» ብላ አስተዋወቀቻቸው። አብዛኞቹ ወላጆች ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ ራእይ ለእነሱ ጸሎት ቤት ውስጥ የሚነገር፣ እውነት ነው ሐሰት ተብሎ የሚመዘን ነገር ነው። አቶ ቦሼ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ተነሡ። ከአጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸው ኢየሩሳሌም ከክፍሏ አንደኛ ናት።

«ራእይ ወይ ከእግዚአብሔር ነው፣ ወይ ከዚያኛው ነው» አሉ። «እኛ ፊት አርጊውና ያየሽውን ተናገሪ። ካላማረን ልጄን ዛሬውኑ ይዤ እሄዳለሁ።»

«እኛም!» አሉ ከኋላ ያሉት።

ውባንቺ መነጽሩን አጠለቀች። ጨለማ። ማብሪያውን ተጫነች፤ አሁንም ጨለማ። ለካ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ስላደረ ባትሪው አልሞላም! ምንም አይታየኝም ብትል «ክፉ መንፈስ ነበር፣ እኛን ሲያይ ሸሸ» ይላሉ፤ ከዚያ ኢየሩሳሌምም ሌሎቹም ልጆች ከትምህርት በዚያው መቅረታቸው ነው። ሌላ መላ አልመጣላትም።

«ልብ ውስጥ ቆሜያለሁ» አለች። «የደከመው ደም በቀኝ በኩል እየገባ ነው… በሩ ተዘጋ… ወደ ሳንባ ሄደ… ይኸው ታድሶ በግራ ተመለሰ…»

ቃሉ ያለ ችግር ይወርድላት ጀመር፤ ይህ ራሱ አስፈራት። መሃል ላይ አንዱ «አሜን!» አለ። ለካ እነዚህ ሰዎች የሚሰሙት ትምህርት ሳይሆን ራእይ ነው!

ከዚያ አንድ ሰው ወደ እሷ ሲመጣ ሰማች። የአቶ ቦሼ ድምፅ ነው፤ ቅድም የነበረው ቁጣ የለበትም።

«ልጄ፣ የእኔንስ ልብ? እዚህ ጋ ሲወጋኝ ከረመ። ለሰው አልተናገርኩም። እስቲ እይልኝ… እሞታለሁ ወይ?»

ውባንቺ ዕድሜዋን ሙሉ ብዙ ነገር ፈርታለች፤ እንዲህ ያለ ፍርሃት ግን አታውቅም። «አይሞቱም» ብትላቸው አምነዋት ሐኪም ሳያዩ ቤታቸው ይገባሉ። ይሞታሉ ማለትም በአፏ የሚወጣ ነገር አይደለም። ሰውየው ግን እየጠበቋት ነው። መነጽሩን ከፊቷ ላይ መንጭቃ አወለቀችው።

«አባባ፣ ዋሸሁ» አለች እያለቀሰች። «ባትሪው ሞቷል። ጨለማ ነው፤ ምንም አላየሁም። እባክዎን ሐኪም ቤት ይሂዱ።»

አቶ ቦሼ ዞረው የልጃቸውን ክንድ ያዙ። ኢየሩሳሌም ደብተሯን ሰብስባ ተነሣች። በቃ፣ ልጅቷን ከትምህርቷ አስቀረኋት፣ አለች ውባንቺ በሆዷ። ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«ያን ሁሉ ታዲያ ከየት አመጣሽው?» አሉ ሽማግሌው።

«ተምሬ ነው፣ አባባ።»

አቶ ቦሼ ደረታቸውን በመዳፋቸው እንደያዙ ቆሙ። ቀስ ብለው የልጃቸውን ክንድ ለቀቁ።

«ተቀመጪ» አሏት። «መነጽሩ ሲጨልምም እንደሷ እስኪታይሽ ድረስ ተማሪ። እኔ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።»