ሽማግሌ የተላከበት ዝውውር

አባቴ አዳማ ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነው። ያረፈደ ተማሪን በር ላይ የሚያስቆመው፣ ፀጉር ያሳደገውን ወደ ቤቱ የሚመልሰው፣ ስልክ ይዞ የገባውን ስልኩን የሚቀማው እሱ ነው። የቢሮው መሳቢያ በስልክ ከመሙላቱ የተነሳ፣ አንዱ ሲጠራ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፋቸዋል። እንግዲህ ከዚህ ሰው ቤት ነው በስልክ ጌም ደመወዝ የምትበላ ልጅ የወጣችው። ይህን ለሰው ስናገር አሁንም ሳቄ ይቀድመኛል።

በአካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነበር ብል ደስ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ግን ጠዋት ማመልከቻ አስገብቼ፣ ከሰዓት ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ጌም ቤት ውስጥ እገኝ ነበር። የምንጫወተው አምስት ለአምስት ነው፤ ሁሉም በየስልኩ፣ የሌላውን ሰፈር ቀድሞ የያዘ ያሸንፋል። የኔ ድርሻ ኋላ ቀርቼ፣ ካርታውን እያየሁ፣ አራቱ ወንዶች ማን ወዴት እንደሚሄድ መንገር ነው። ጣቴ እንደነሱ ፈጣን አይደለም። ብቻ የተቃራኒው ቡድን ከየት እንደሚመጣ ቀድሞ ይታየኛል፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ጌም ቤቱ በስሙ ቡድን አድርጎን ነበር፤ ደመወዛችንም ለስላሳና ነፃ ዋይፋይ ነበር።

አባቴ ያውቃል። መጀመሪያ ውድድር ስገባ የምዝገባ ቅጹን እራት ላይ ስሞላ አየኝና፣ "አንቺ የፈለግሽውን ሁኚ፤ የኔን ስም ግን እዚያ ቦታ እንዳላይ" አለኝ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "የአባት ስም" በሚለው ቦታ ሰረዝ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ በገባሁበት ውድድር ሁሉ ከስሜ ቀጥሎ ያው ሰረዝ ነው። አስተዋዋቂዎች "የአባትሽን ስም ረስተሻል" ሲሉኝ "ይለፈው" እላለሁ፤ አባቴ የሞተ እየመሰላቸው ያዝኑልኛል። እኔም አላርማቸውም ነበር፤ ተቀይሜው ነበርና።

ታዲያ ባቱ ከተማ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ አለ። ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ ካለ ማሳ ሽንኩርት ሲያስጭን የሚውል፣ እጁ ላይ አፈር የማይጠፋ ሰው ነው። ይህ ሰው በጌም ፍቅር ተለክፎ ቤት ተከራየ፣ ምግብ የምትሠራ ሴት ቀጠረ፣ ለተጫዋቾቹም በየወሩ ደመወዝ ይከፍል ጀመር። አንድ ቅዳሜ ቡድኑን እዚሁ አዳማ ድባቅ መታነው። ነጋዴው ልጆቹን ምን እንደገጠማቸው ሲጠይቅ፣ "ያቺ ከኋላ የተቀመጠችው ናት የጨረሰችን" ብለው አሳዩት። በሳምንቱ ደወለልኝና ወደ እነሱ እንድዘዋወር ጠየቀኝ። እዚያው እሺ ልለው ፈልጌ ነበር። ነገር ግን አባቴ ሳይፈቅድ ሌላ ከተማ ሄጄ ልኖር አልችልም፤ ስለዚህ "አባቴን ይጠይቁ" አልኩት።

"እንዴታ! በወጉ ነው እንጂ" አለና ዘጋው።

እኔ የሚደውልለት መስሎኝ ነበር። ሰውየው ሽማግሌ ላከ።

እናቴ ለአባቴ ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረችው፦ ቅዳሜ ከባቱ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ልጅቷን ለጌም ሊጠይቁ ነው። አባቴ "ለጌም ሽማግሌ?" ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ቢሆንም የመጣን ሽማግሌ ከደጅ መመለስ አይችልም፤ ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ።

ሦስት ናቸው። የፊተኛው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፣ ሁለተኛው በበረዶ የታሸገ ቆሮሶ ዓሣ ተሸክመው የመጡ ዓሣ ነጋዴ፣ ሦስተኛው ደግሞ ገብተው እስኪወጡ ቃል ያልተነፈሱ ነጭ ጋቢ የለበሱ አዛውንት። ዓሣ ነጋዴው "አካም ጂርቱ? ነጉማ?" ብለው በኦሮምኛ ደህንነታችንን ጠየቁ፤ አባቴም "ነጋ፣ ገላተ ዋቃ" ብሎ ፈጣሪን አመስግኖ ወንበር አሳያቸው። አልተቀመጡም።

"መምህር፣ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ ርዕሰ መምህሩ። "ልጅዎን ለቡድናችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው። በደመወዝ፣ በክብር፣ እንደ ልጃችን አድርገን ልንይዛት።"

እኔና እናቴ ከጓዳ በር ኋላ ቆመን እንሰማለን። አባቴ ለስድብ የተዘጋጀ ብዙ ነገር ነበረው፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመደው ሰምቼዋለሁ። የቆሙትን ሦስት ሽማግሌዎች ሲያይ ግን ሌላ ነገር ከአፉ ወጣ፦ "ሰምተናል። እናጣራና በሁለት ሳምንት መልስ እንሰጣለን።" ወጉ አስገድዶት ነው እንጂ አስቦበት አይደለም፤ የተናገረውን ሲሰማ እሱም የደነገጠ መሰለኝ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ውጭ ነገሩ ያልገባት ጎረቤታችን እልል አለች።

እናጣራ ካለ ደግሞ ያጣራል። "የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ አለብኝ" ብሎ ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ወስዶ ባቱ ሄደ። ያደረገውን ለእናቴ ነገራት፣ እናቴ ለኔ ነገረችኝ። በፈረስ ጋሪ እየጠየቀ የቡድኑን ቤት አገኘ። የሽንት ቤቱ በር ከውስጥ መቆለፍ አለመቆለፉን ፈተሸ። ምግብ ሠሪዋን ስንት ሰዓት እንደሚበሉ ጠየቃት። ሌላ ሴት ተጫዋች መኖሯንና ክፍሏ ለብቻ መሆኑን በዓይኑ አየ። ከዚያ ልጆቹን አንድ ጨዋታ ሲመለከቱ አገኛቸው። እኛ ያሸነፍናቸውን ነበር፤ ጌም ቤታችን ከነድምፁ ኢንተርኔት ላይ ለቆታል፣ እነሱ ደግሞ የት እንደተሳሳቱ ለማወቅ ደጋግመው ያዩታል።

"ተመለስ! አንተ አትሩጥ፣ ጠብቀኝ! አሁን በግራ። ግራ ነው ያልኩህ!"

አባቴ "ይቺ ማን ናት?" ብሎ ጠየቀ። ልጆቹ እኔ መሆኔን ነገሩት። እንደገና እንዲያሰሙት ለመናቸው፤ እንደገናም ሰማ።

ማታ ለእናቴ፣ "አራት ጎረምሳ ታዛለች እኮ! እዚህ ቤት ጨው አቀብሉኝ ለማለት የምታፍረዋ ልጅ!" አላት።  እኔን ግን የዚያን ሰሞን ደጋግሞ ሲያየኝ እይዘዋለሁ።

በሁለት ሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። ርዕሰ መምህሩ የደመወዙን ልክ ተናገሩ፤ ለጀማሪ ደህና ነበር፣ እኔ በደስታ እፈርም ነበር። አባቴ ግን ፊቱን አኮሳተረ።

"ይህን ለሌሎቹም ትከፍላላችሁ?"

"አዎን፣ እኩል ነው።"

"የኔ ልጅ እኮ አዛዣቸው ናት። ካለሷ የት ሊሄዱ ነው? አዛዥና ታዛዥ እኩል የሚከፈለው በየትኛው መሥሪያ ቤት ነው?"

ለስላሳ ሳቀርብ የያዝኩት የብርጭቆ ትሪ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው። ርዕሰ መምህሩ ነጋዴው የሽንኩርት ዋጋ በወጣ ቁጥር ጭማሪ እንደሚያደርግ አስረዱ።

"ሲወርድስ?" አለ አባቴ።

ዓሣ ነጋዴው ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞሩ።

"የልጄ ደመወዝ ከሽንኩርት ጋር አይወጣም፣ አይወርድም" አለና የራሱን ልክ ጠራ። የአባቴን ደመወዝ አውቃለሁ፤ የቤቱን ወጪ የማሰላለት እኔ ነኝ። የጠራው ከሱ ደመወዝ ይበልጣል። ይህን ሲናገር እሱም አወቀው። ለሃያ ዓመት ጠመኔ የቃመ ሰው ነው። ለስላሳውን አንስቶ ጠጣና፣ ዝግ ብሎ፣ "ይገባታል" አለ። አንጀቴን በላው፤ ቅያሜዬ የት እንደገባ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ ልኩን ተቀበሉ፤ ለዝውውሬ ደግሞ ነጋዴው ለአዳማው ጌም ቤት አንድ ያገለገለ ጀነሬተር እንዲሰጥ ተስማሙ። የድሮ ጓደኞቼ እስከ ዛሬ መብራት በጠፋ ቁጥር ስልክ ደውለው ያመሰግኑኛል።

ሊመርቁ ሲነሱ ሦስተኛው አዛውንት ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። "የቀረ ነገር አለ?"

"አንድ አለ" አለ አባቴ። ሰልፍ ላይ ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ጠረገ። "ማሊያቸው ላይ ስም እንደሚጻፍ ባቱ አይቻለሁ። ልጆቹ ሁሉ የቅጽል ስም ነው ያጻፉት። የኔ ልጅ ማሊያ ላይ የራሷ ስም ይጻፍ። ከነአባቷ።"

ወደ ጓዳ ሮጥኩ። እናቴ ትሪውን ከእጄ ተቀብላ፣ "አልቅሺ፣ ብርጭቆውን ግን አትስበሪብኝ" አለችኝ።

ማሊያው ሲመጣ የአባቴ ስም ረጅም ስለሆነ ጀርባዬ አልበቃውም፤ አታሚው የሱን አሳንሶ ከሥር አደረገው። አባቴ አገላብጦ አየውና፣ "ግድ የለም፣ ይነበባል" አለ። መሳቢያው ዛሬም በስልክ እንደተሞላ ነው። ስልክ ሲቀማ ግን "ምንድን ነው የምትጫወተው?" ብሎ ይጠይቃል ብለው ተማሪዎቹ ሲያሙት ሰምቻለሁ።

ባቱ የመጀመሪያ ውድድሬ ቀን ቅጹን ሰጡኝ። ስሜን ጻፍኩ። ቀጥሎ እጄ በልማዱ ሰረዙን አሰመረ። በላዩ ላይ የአባቴን ስም በትልቁ ጻፍኩበት። አስተዋዋቂው እኔን ከነአባቴ ሲጠራ ወደ ሕዝቡ ዞርኩ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በተተኮሰ ሸሚዝ፣ አባቴ የተጠራው እሱ ይመስል ከወንበሩ ተነስቶ ቆሟል።